«በበሽተኛ ይሳቃል?»፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ወላጆች ስለማስታመም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናቴ የመርሳት በሽታ ከያዛት አራተኛ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ተቆጥታ ወጣች። «ያቺ ሴትዮ ምን ሆናለች? እንዴት አደርሽ ስላት እሷም እኩል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትመልስልኝም!» ሴትዮዋ የቁም ሣጥኑ መስተዋት ውስጥ ያለችው ራሷ እናቴ ናት። «ነገ ቀድመን ሰላም አንላትም» አልኳት። «ተያት ባክሽ፣ ኩሩ ናት!» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሊጠይቁን የመጡ ዘመዳችን ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። «በበሽተኛ ይሳቃል እንዴ? እናትሽ እኮ ናት!» አሉኝ። ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን የምመልሰው አለኝ።

«በታመመ ወላጅ ፊት መሳቅ ነውር ነው»

በእናት መሳቅ ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ከእናት ጋር መሳቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን የሚነግረኝ የእሷ ፊት ነው። አብራኝ ከሳቀች እንቀጥላለን። ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተንከራተተ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ከሆነ፣ ያ ሳቅ እዚያው መቆም አለበት። ያው መስተዋት ከወራት በኋላ ያስፈራት ጀመር፤ «ሰው እያየኝ አልለብስም» እያለች ታለቅሳለች። ጋቢ አለበስነው፤ ስለ ኩሩዋ ሴትዮም ዳግም አላነሳንም።

አስታማሚም ሰው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ «ቅዳሴ ሊያመልጠን ነው» የምትልን እናት በር ላይ ቆሞ ሲያባብል ያደረ ልጅ ጠዋት ላይ ቢስቅ፣ ፍቅሩ ጎደለ ማለት አይደለም።

«መጃጀት የእርጅና ወግ ነው»

አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ፣ በሽታው ራሱ አንጎልን የሚጎዳ ሕመም ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ የሚበዛው አልዛይመር ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ስለ አንዲት ታማሚ ለሙያ ባልደረቦቹ ካስረዳው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ያች ሴት ሆስፒታል ስትገባ ገና የ51 ዓመት ሰው ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2021 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከስልሳ በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ በድንገት ከተቀባዠረ በእርጅና አታሳብቡ፤ በቀልድም አትለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

«ሲሳሳቱ ማረም አለብን፤ አለዚያ ውሸታም እንሆናለን»

እኔን ብዙ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። አባቴ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እናቴ «አባትሽ አመሸ፣ ምን አገኘው?» ስትለኝ፣ እውነት መናገሬ ነው ብዬ «እማዬ፣ አባዬ እኮ ሞቷል» እላት ነበር። እንደ አዲስ ትጮኻለች፤ ደረቷን ትደቃለች። በነጋታውም ትጠይቀኛለች።

በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡት። ዘመድ ተሰባስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ሳይነጋ ተሂዶ ነው። ያን ሁሉ የምናደርገው ሐዘኑ ሰውየውን ለብቻው እንዳይጥለው ነው። እኔ ግን ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ለገዛ እናቴ በሳምንት ሦስት ጊዜ መርዶ አረዳ ነበር።

አሁን «መጣ» ብዬ አልዋሻትም፤ «ሞቷል»ም አልላትም። «ናፈቀሽ? ለራት ምን ነበር የሚወደው?» እላታለሁ። «እሱማ ሽሮው ላይ ቅቤ ካላየ ያኮርፋል! አኩርፎ ግን ሳህኑን ይጠርገዋል» ትልና ትስቃለች። ይህን ታሪክ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያች የቅቤ ወሬ ወደ ሠርጋቸው፣ ከሠርጋቸው ወደ አማቷ እንሄዳለን። ጥያቄውም ሳይመለስ ይረሳል።

«ስለሚረሱት ብናስቃቸውም ብናስከፋቸውም ለውጥ የለውም»

ለውጥ አለው። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፣ አልዛይመር ላለባቸው 17 ሰዎች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁርጥራጮች አሳዩአቸው። ጥቂት ቆይተው ሲጠይቋቸው ያዩትን አብዛኛውን ረስተውታል፤ ሐዘኑና ደስታው ግን እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ውስጣቸው ነበር። ከሁሉም ያስደነገጠኝ፣ ፊልሙን ይበልጥ የረሱት ሰዎች ሐዘናቸው ይበልጥ መቆየቱ ነው። ጠዋት የተቆጣናት እናት ቁጣውን ረስታ ከፍቷት ትውላለች፤ ለምን እንደከፋትም አታውቅም።

«ቀልድ ያው ቀልድ ነው»

እናቴ ሰምና ወርቅ የምትፈታ፣ በነገር ሰውን የምትወጋ ተጫዋች ነበረች። ያ ሄዷል። ቃል የሚያገላብጥ ቀልድ ስንነግራት ግራ ይገባታል፤ የሳቅነው በእሷ ይመስላታል። የቀራት የፊት፣ የእጅና የዜማ ጨዋታ ነው። እስክስታ እየሞከርኩ ትከሻዬ እምቢ ሲለኝ ከልቧ ትስቃለች፤ ተነሥታም ታሳየኛለች። ትከሻዋ አልረሳም።

የሳቅ መለወጥ የሕመም ምልክት የሚሆንበት ጊዜም አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚያጠቃው የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች በሚያሳዝን ነገር ጭምር ሊስቁ ይችላሉ፤ ለውጡም ከሌሎቹ ምልክቶች ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። በለቅሶ ቤት የሳቀ አባት ባለጌ ሆኖ አይደለም። በእሱ መቆጣቱ ምንም አይረባም።

«ሳቅ መድኃኒት ነው»

ይህንንም ማጋነን አልወድም። በአውስትራሊያ ሲድኒ በ35 የአረጋውያን መጦሪያዎች፣ ለከፊሎቹ ቀልደኞችን እየላኩ ባደረጉት ጥናት፣ የታማሚዎቹ መረበሽና መቁነጥነጥ ቀንሷል፤ ድብርታቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በሽታውን የሚፈውስ ሳቅ የለም። የተረጋጋ ከሰዓት በኋላ ግን ይሰጣል፤ ለእኛ ቤት ያ ትልቅ ነገር ነው።

«የሚያስቅ ከሆነ ቀርጾ መለጠፍ ምን ችግር አለው?»

ጓዳ ውስጥ ከእናታችን ጋር የሳቅነው ሳቅ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ በእናታችን የተሳቀ ይሆናል። ነጠላዋን ሳታስተካክል ደጅ የማትወጣ የነበረች ሴት፣ ልብሷን ገልብጣ ለብሳ መቶ ሺህ ሰው ሲያያት «እሺ» ብላ አይደለም፤ ማለትም አትችልም። ታናሽ እህቴ አንድ ጊዜ ቀርጻት ነበር። ቪዲዮውን አብረን አየነው፤ እናቴም በመካከላችን ተቀምጣ አየችው። «ይቺ ምስኪን ማን ናት? ሰው የላትም?» አለች። እህቴ ምንም ሳትል አጠፋችው፤ ከዚያም ተነሥታ የእማዬን ነጠላ አስተካከለችላት።