ከጦር መሣሪያ ሱቅ ዘይትና ጨርቅ መግዛት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቆሞ የሚሸጥባቸው ትንንሽ የጦር መሣሪያ ሱቆች አሉ። አብዛኞቹ የቤተሰብ ናቸው። ደንበኞቻቸው አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ሽጉጥ ባይገዙም ጎራ ይሉና የመወልወያ ዘይት፣ የጆሮ መከላከያ ወይም የዒላማ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። «ሱቁ እንዳይዘጋብን» ነው ምክንያታቸው።

በዚህ ልማድ ዙሪያ የሚወራው ግን ብዙው የተዛባ ነው። አሜሪካ የሚኖረው የእኛ ሰው ደግሞ ስለ መሣሪያ ሕግ የሚሰማው ከጓደኛው ጓደኛ ስለሆነ ወሬው ይብሳል። መሣሪያ መያዝ ይሻላል አይሻልም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። ዛሬ የማወራው ስለ ሱቁ ነው።

«ሽጉጥ ውድ ነው፤ ባለሱቁ ገንዘብ በገንዘብ ሆኗል»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሰው መደርደሪያ ላይ የ500 ዶላር ሽጉጥ ሲያይ ግማሹ ትርፍ ይመስለዋል። አዲስ መሣሪያ ላይ ያለው ትርፍ ግን ቀጭን ነው። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ «ኢንተርኔት ላይ እኮ በዚህ ዋጋ አለ» ይላል። ባለሱቁ ደግሞ ዕቃውን ከአከፋፋይ ያመጣው ከዚያ ብዙም ባልራቀ ዋጋ ነው።

እንበልና ከ500 ዶላሩ 60 ዶላር ተረፈው። ገዢው በካርድ ከከፈለ 15 ዶላር ገደማው ለካርዱ አገልግሎት ይሄዳል። ያውም የሚያስተናግደው ድርጅት ካገኘ ነው። ስኩዌርና ፔይፓል የጦር መሣሪያ ሽያጭ አይቀበሉም። ቀጥሎ 4473 የሚባለው የፌዴራል ቅጽ ይመጣል። ገዢው ይሞላል፣ ባለሱቁ እያንዳንዱን መስመር ያያል፤ አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ፣ በኋላ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠየቀው ባለሱቁ ነው። ከዚያ የገዢው የኋላ ታሪክ ይጣራል። እንደ ክፍለ ግዛቱ በኤፍቢአይ ወይም በአካባቢው ባለሥልጣን በኩል ይሆናል። አንዳንዴ መልሱ በደቂቃዎች ይመጣል፤ አንዳንዴ ሽያጩ ለቀናት ተንጠልጥሎ ይቆያል። ለአንድ ሰው በአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ሁለት ሽጉጥ ከሸጠ ሌላ ሪፖርት ይልካል። ቅጹን ደግሞ ሱቁ ሥራውን እስኪያቆም ድረስ ያስቀምጠዋል። እስከ 2022 ድረስ ከ20 ዓመት በኋላ ማስወገድ ይቻል ነበር፤ ያ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ለ45 ዶላር ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ኢንሹራንስ፣ ካሜራና ማንቂያ ገና አልተነሱም።

አሁን የ12 ዶላሩን ዘይት እዩት። ቅጽ የለው፣ ማጣሪያ የለው፣ ማስታወሻ መዝገብ የለው። ገዢው ከፍሎ ይወጣል። በመቶኛ ሲሰላ ትርፉ ከሽጉጡ በብዙ ይበልጣል። የሽጉጥ ማኅደር፣ ማንገቻ፣ የአፈሙዝ መወልወያ ብሩሽ፣ መነጽር፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ያገለገለ መሣሪያ ገዝቶ መሸጥና ጥገናም ያግዙታል። ጥይት ግን እንደ ዘይቱ አይደለም፤ ዋጋው ሁሌ ስለሚነጻጸር ትርፉ ቀጭን ነው። ስለዚህ «አምስት ዶላር ምን ይፈይዳል?» ለሚል ሰው መልሱ እዚሁ አለ። መስኮቱ ላይ የሚያምረው ሽጉጡ ነው፤ ኪራዩን የሚያግዘው ግን ጥግ ላይ የተንጠለጠለው ትንሽ ዕቃ ነው።

«ኦንላይን ከገዛሁ ሱቁ ምን አገባው?»

በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበትን ጠመንጃ ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ያገኘው በሐሰተኛ ስም ከቺካጎ በፖስታ አዝዞ ነው። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩና ከነመላኪያው የከፈለው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነበር። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ይህንን በር ዘጋ። ዛሬ ከኦንላይን ሻጭ ያዘዛችሁት አዲስ ሽጉጥ ቤታችሁ ድረስ አይመጣም። ፈቃድ ወዳለው ሱቅ ይላካል፤ እዚያ ሄዳችሁ ቅጹን ትሞላላችሁ፣ ትጣራላችሁ፣ ከዚያ ትረከባላችሁ።

ሱቁ ለዚህ የማስተላለፊያ ክፍያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚጨቃጨቅ ሰው አይገባኝም። ዕቃውን ከሌላ ገዝቶ፣ ወረቀቱንና ኃላፊነቱን ለባለሱቁ ጥሎ፣ ለድካሙ የተጠየቀውን ትንሽ ገንዘብ «ሌብነት ነው» ይላል። ሱቁ ከተዘጋ እኮ ያዘዘው ሽጉጥ የሚላክበት ቦታም አይኖርም። ወይ አንድ ሰዓት ነድቶ ሊያመጣ ነው።

«መሣሪያ ከሌለኝ እዚያ ምን ልሠራ?»

ብዙ ነገር አለ። ተኩስ የሚያወጣው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ለዚያ የተሠራው የጆሮ መከላከያ ሣር ለሚያጭድ ወይም በመሰርሰሪያ ለሚሠራ ሰውም ይሆናል። በቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን መድኃኒትና ፓስፖርት ይይዛል። የእጅ ባትሪ አለ፣ ጓንት አለ።

መታወቂያ ይጠይቁኛል ብለው በሩ ላይ የሚመለሱም አሉ። ለዘይት፣ ለጨርቅና ለጆሮ መከላከያ የፌዴራል ቅጽ የለም።

«እንግዲያው ትንሽ ዕቃ ሁሉ ነፃ ነው»

አይደለም። ይሄኛው ስህተት ከሌሎቹ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ጥይት ትንሽ ዕቃ ይመስላል። ፈቃድ ያለው ሱቅ የሽጉጥ ጥይት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ፣ የጠመንጃ ጥይት ደግሞ ከ18 በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ የፌዴራል ሕጉ ይከለክለዋል። ኒውዮርክ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ጥይት ገዢንም ያጣራል። ድምፅ ማፈኛው፣ ሳይለንሰር የሚባለው፣ ከ1934 ጀምሮ የሚመዘገብ ዕቃ ነው። በ2026 መጀመሪያ 200 ዶላር የነበረው ቀረጥ ወደ ዜሮ ወርዷል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም። ጥይት የሚሞላበት ካዝናም እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ መሸጥ አይቻልም።

የእኛን ሰው በቀጥታ የሚነካው የቪዛ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ ክልከላ ከሌለበት መሣሪያ መግዛት ይችላል፤ ዲቪ ደርሶት የገባውም እንዲሁ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ በሕጉ የተቀመጠ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። «ጥይት ብቻ ነው የገዛሁት» አያድንም። በስደተኛነት ጉዳያችሁ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ወረቀታችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃችሁን ጠይቁ።

«ትልልቆቹ ሱቆች ሁሌም ይረክሳሉ፣ ሁሌም ይኖራቸዋል»

ይረክሳሉ፤ ሁሌ አይደለም እንጂ። ጥይት በብዛት የሚገዛ ሰው ኦንላይን ቢያዝዝ አልፈርድበትም። ይኖራቸዋል የሚለው ላይ ግን ትልቅ ድርጅት በአንድ ቀን ሐሳቡን ይለውጣል። ዲክስ የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር በ2018፣ ከፓርክላንድ ትምህርት ቤት ጥቃት በኋላ፣ ኤአር-15 መሰል ጠመንጃዎችን ከሱቆቹ አወጣ። ዎልማርት በ2019፣ ኤል ፓሶ በሚገኘው ሱቁ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ የሽጉጥ ጥይት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ውሳኔያቸው ትክክል ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ መብታቸውም ነው። ለእነሱ መሣሪያ ከብዙ ዕቃ አንዱ ነው። ለትንሹ ሱቅ ግን ሥራው ራሱ ነው።

«ባለሱቁ የሚያየው ብሩን ብቻ ነው»

እንደዚያ ያሉም አሉ። እንደዚያ ያለ ሱቅ ገንዘባችሁን ባያገኝ ምንም አይደለም። ግን በ2009 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ የሆነውን ላስታውስ። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ከአንድ ሱቅ መሣሪያ ገዝተው ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ በኋላ ባለሱቆችና የጤና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀመጡ። የተጨነቀ ገዢን እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ሽያጩን እንዴት ማዘግየት እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ፣ ፖስተር ሰቀሉ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተዛመተ። ይህን ሥራ የሚሠራው ከመሸጫ ጠረጴዛው ጀርባ የቆመው ሰው ነው። ፊት ለፊት የሚያያችሁ፣ ዓይናችሁን የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል።

የመቆለፊያ ነገርም አለ። ከ2005ቱ ሕግ ወዲህ ፈቃድ ያለው ሱቅ ሽጉጥ ለግለሰብ ሲሸጥ መቆለፊያ ወይም ማስቀመጫ አብሮ መስጠት አለበት። ልጆች ያሉበት ቤት ግን አብሮ የሚመጣው የሽቦ ቁልፍ አይበቃም ባይ ነኝ፤ ጠንካራ ሣጥን ጨምሩበት። እሱንም ከዚያው ሱቅ።

«ለአገር ቤት ስጦታ ይሆናል»

ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ካዝና፣ መለዋወጫ፣ ጥይት። ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ቁም! ከአሜሪካ ሲወጡ የኤክስፖርት ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ዕቃዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ስትደርሱ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ይጠብቃችኋል። አጎታችሁ ከሻንጣው ሸሚዝ ቢደርሳቸው ይሻላል።

«ዘመዴ ብሩን ሰጥቶኝ በእኔ ስም ብገዛለትስ? ሱቁም ይጠቀማል»

ወንጀል ነው። ቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ እዚያ ላይ መዋሸት ነው። ዘመዳችሁ ራሱ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ አያድናችሁም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እንዲህ ወስኗል። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ መሣሪያ መያዝ ለተከለከለ ሰው በራሱ ስም የሚገዛን እስከ 15 ዓመት ሊያሳስረው ይችላል። የምታውቁት ተኳሽ ልደቱ ደርሶ ሱቁንም መደገፍ ካማራችሁ የሱቁን የስጦታ ካርድ ግዙለት። ዘይት ከፈለገ ዘይት ይገዛበታል፤ ሽጉጥ ካማረው ቅጹን ራሱ ሞልቶ ራሱ ይጣራል።