በጎንደር የልብ ወለድ ረቂቅን በግሉ ለሚሠራ አርታኢ መስጠት

በግሉ የሚሠራ አርታኢ ለአሳታሚ ድርጅት ሳይቀጠር ከደራሲው ጋር በቀጥታ ተዋውሎ፣ ያልታተመ ልብ ወለድ፣ የአጫጭር ታሪኮች መድበል፣ ተውኔት ወይም የግጥም ስብስብ አንብቦ የሚያቃና ባለሙያ ነው። በደርግ ዘመን ይሠራ የነበረውን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትን የመሰለ ተቋም ባለበት ጊዜ ረቂቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት በድርጅቱ ገምጋሚዎችና አርታኢዎች እጅ ያልፋል። ዛሬ ግን ብዙው የአማርኛ ልብ ወለድ በደራሲው በራሱ ወጪ ስለሚታተም ረቂቁን ሌላ ዐይን እንዲያየው ማድረግም የደራሲው ኀላፊነት ሆኗል። ማተሚያ ቤት የተሰጠውን ያትማል እንጂ ታሪኩ መካከሉ ላይ ለምን እንደተልፈሰፈሰ አይጠይቅም።

ሥራው በመሠረቱ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ጎንደር ላይ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የሊቃውንት መናኸሪያ ሆናለች፤ ጽሑፍን የማቃናት ልማድም በሁለት መልክ ኖሮባታል። ቁም ጸሐፊ የገለበጠውን ብራና ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር እያስተያየ የዘለለውን ቃል በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳጉ ያስገባል፣ የተሳሳተውንም በስለት ፍቆ በላዩ ይጽፋል። በቅኔ ቤት ያለው እርማት ግን ከዚህ ይለያል። ተማሪው ሲያወጣ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት ያልመታውን፣ አገባቡ የተፋለሰውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገጣጠመውን እየነቀሰ ያቀናለታል። እዚህ የሚመሳከርበት ቀዳሚ ቅጂ የለም፤ መምህሩ የሚመዝነው ገና የተወለደን ሥራ ነው። ቅኔው ከታረመ በኋላም የተማሪው ቅኔ ነው። በእኔ እምነት የዘመኑ የፊደል አራሚ የቁም ጸሐፊው ወራሽ ሲሆን አርታኢ ደግሞ የቅኔ መምህሩ ወራሽ ነው፤ ረቂቁን ይዞ ባለሙያ የሚፈልግ ደራሲም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

“ኤዲት አድርግልኝ” የሚለው የተለመደ ጥያቄ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት ሥራዎች ተጠቅልለዋል። የመጀመሪያው የመዋቅር አርትዖት ነው፤ አርታኢው ታሪኩ ከየት መጀመር እንዳለበት፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት እንደገባ፣ ግጭቱ የት እንደረገበ፣ ተራኪው ማየት የማይችለውን ነገር እንዴት እንደተረከ ይመረምራል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ በረቂቁ ላይ የተጨመረ ቃል ሳይሆን ለደራሲው የተጻፈ የጥቂት ገጾች አስተያየት ነው። ሁለተኛው የዐረፍተ ነገር አርትዖት ሲሆን ድግግሞሽን፣ የተንዛዛ ገለጻን፣ ሰው የማይናገረውን ምልልስ ይመለከታል። ሦስተኛው የቋንቋና የወጥነት እርማት ነው፤ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ስምና ዘመን እዚህ ይጣራሉ። ለምሳሌ በጥምቀት ዋዜማ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የተዋወቁ ወጣቶች “ከሁለት ወር በኋላ” አደይ አበባ ሲለቅሙ ቢታዩ፣ ጥርንና መስከረምን አስልቶ ስሕተቱን የሚይዘው ይህ አንባቢ ነው። አራተኛው መጽሐፉ ለኅትመት በገጽ ከተቀመጠ በኋላ የሚደረገው የመጨረሻ ንባብ ነው።

ቅደም ተከተሉ መጠበቅ ያለበት በገንዘብም በድካምም ምክንያት ነው። ነጠላ ሰረዙ ሁሉ የተስተካከለለትን ምዕራፍ ኋላ ላይ በመዋቅር ምክንያት መሰረዝ ከተገባ የእርማቱ ክፍያ ከንቱ ይቀራል። ብዙ ጀማሪ ደራሲያን ከሦስተኛው የሚጀምሩት ስሕተቱ በዐይን ስለሚታይ ነው፤ የታሪክ ድካም ግን በቀይ እስክሪብቶ አይከበብም።

አማርኛ ለአርታኢ የሚያቀርበው የራሱ ፈተና አለ። ሞክሼ የሚባሉት ፊደላት በዛሬው አነጋገር አንድ ድምፅ ቢኖራቸውም በግዕዝ የቃል ሥር ይለያሉ፤ በንጉሡ ሠ “ሠረቀ” ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ሲሆን በእሳቱ ሰ “ሰረቀ” ግን ሌብነት ነው፤ “ምሁር” የተማረ፣ “ምሑር” ደግሞ ምሕረት ያገኘ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ አንባቢ በሚበዛበት በጎንደር ይህ ልዩነት በቸልታ አይታለፍም። ሆኖም ዘመናዊ ጸሐፍት በጉዳዩ ላይ አንድ አቋም ስለሌላቸው፣ ደራሲውና አርታኢው ሥሩን ለመጠበቅ ወይም ፊደሉን ለማቅለል ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ተስማምተው ያንኑ እስከ መጨረሻው መከተላቸው ይበቃል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አለመታየቱም ሌላው ችግር ነው። “አለ” ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ ደራሲው በልቡ እየሰማ ስለሚያነበው አይደናገርም፣ አንባቢ ግን ይደናገራል፤ ይህን ሊያይ የሚችለው ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የአካባቢው አነጋገር ነው። የጎንደር አዛውንት በአክብሮት “አንቱ” ሲባሉ መስማት የተለመደ ነው፤ ይህን ሁሉ ወደ “እርስዎ” የሚለውጥ አርታኢ ሰዋስው ያረመ ይምሰለው እንጂ ሰውየውን ከቀዬው ነቅሎታል። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ረቂቄን የሰጠሁት ሰው ሥራውን በትጋት ሠርቶ ሲመልስልኝ፣ የአዘዞዋ ባልቴትና የቢሮው ጸሐፊ ሁለቱም እንደ ዜና አንባቢ ይናገሩ ነበር፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ለአርታኢ ረቂቅ የምሰጠው የማይነኩ ቃላትን ዝርዝር አያይዤ ነው። በትረካው ክፍል መደበኛ አማርኛ፣ በምልልሱ የተናጋሪው አንደበት እንዲጠበቅ በጽሑፍ መስማማት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በከተማዋ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ሰዎች ናቸው፦ የአማርኛ መምህራን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ምሁራን፣ ጋዜጠኞች፣ ቀደም ሲል ያሳተሙ ደራሲያን። ጥሩ የሰዋስው መምህር መሆን ጥሩ የልብ ወለድ አርታኢ መሆን ማለት አይደለም፤ የጥናት ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ሆን ተብሎ የተቆረጠን ዐረፍተ ነገር እንደ ጉድለት ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ያረማቸውን መጻሕፍት ማየትና ለመዝናናት ምን እንደሚያነብ መጠየቅ ይሻላል። ግጥም የሚያርም ደግሞ ቤት አመታትንና የስንኝ ምጣኔን በጆሮው የሚለይ መሆን አለበት፤ በዚህ ረገድ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ብልጫ አለው።

ከመዋዋል በፊት የሙከራ አርትዖት ማሠራት ተገቢ ነው። አምስት ወይም ዐሥር ገጽ፣ ከመክፈቻው ሳይሆን ደራሲው ራሱ ከሚጠራጠርበት ከመካከለኛው ክፍል፣ ለሁለት አርታኢዎች ተሰጥቶ ውጤቱ ይነጻጸራል። ለዚህም ክፍያ መክፈል ያስፈልጋል፤ ማንበብ ጉልበት ነው። በሙከራው መታየት ያለበት የእርማቱ ብዛት ሳይሆን ምክንያቱ ነው፤ “ይህ አንቀጽ ይውጣ” ብሎ የሚያልፈውና ለምን መውጣት እንዳለበት የሚያስረዳው እኩል አይደሉም።

ዋጋ ብዙውን ጊዜ በገጽ ይሰላል፤ “ገጽ” የሚለው ቃል ግን ልክ የለውም። ያው ጽሑፍ በ12 የፊደል መጠን በኤ4 ወረቀት ሲቀመጥና በመጽሐፍ መጠን ሲቀመጥ የገጹ ቁጥር በእጅጉ ይለያያል፤ የመስመሩ ክፍተትም ይለውጠዋል። በቃላት ብዛት መዋዋል ይህን ክርክር ያስቀራል። ክፍያውን በመነሻ፣ በመካከልና በርክክብ ከፍሎ መስጠትም ለሁለቱም ወገን ዋስትና ይሆናል።

የፋይሉ ዓይነትም አስቀድሞ መነጋገሪያ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ፣ ከገባ ወዲህ ጽሑፍ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሳይበላሽ ማለፍ ቢችልም፣ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የተለቀመ ረቂቅ ሌላ ዘንድ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ እንዲህ ያለው መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ከሚገኝ አርታኢ ጋር በቴሌግራም ብቻ መሥራት የማያስተማምን መሆኑ ታይቷል። ሁለት ተጨማሪ ቅጂ፣ አንዱ በፍላሽ ሌላው በወረቀት፣ ዘንድሮም ብልኅነት ነው።

“ረቂቄን ቢወስድብኝስ?” የሚለው ፍርሃት በብዙ ደራሲያን ዘንድ አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዚህ ግልጽ መልስ ይሰጣል፤ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው በመፈጠሩ ብቻ ነው፣ ጥበቃውም በደራሲው ዘመንና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥ መብት፣ ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው። አርታኢው ደራሲው ባልተስማማበት ሁኔታ ሥራውን ለውጦ ስሙን በሚጎዳ መልክ ማውጣትም የሞራል መብትን ይነካል። ነገር ግን አዋጁ ሐሳብን ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ውሉ ረቂቁ ለሦስተኛ ወገን እንዳይታይ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የማስረከቢያ ቀኑን፣ ስንት ዙር ንባብ እንደሚካተትና በአንድ ለውጥ ላይ ካልተስማሙ ውሳኔው የደራሲው መሆኑን መግለጽ አለበት። አርታኢው አዲስ ምዕራፍ ጽፎ እስከ መጨመር ከደረሰ ሥራው አርትዖት መሆኑ ቀርቷልና የጋራ ድርሰት ስምምነት ይፈልጋል።

ረቂቁ ሲመለስ እርማቱ ሁሉ የሚታይ መሆን አለበት፤ በኮምፒውተር ከሆነ ለውጦቹ በቀለም ተለይተው፣ በወረቀት ከሆነ በኅዳጉ ተጽፈው። ደራሲው በመጀመሪያው ቀን መልስ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ቁጣውም ደስታውም ከበረደ በኋላ አንድ በአንድ እያየ የሚቀበለውን ይቀበላል፣ የማይቀበለውን ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። መጽሐፉ በገጽ ሲቀመጥ ቃላት ስለሚቆራረጡና አንቀጾች ስለሚዘለሉ የመጨረሻው ንባብ ወረቀት ላይ ታትሞ ቢደረግ፣ የሚያነበውም ረቂቁን ከዚያ በፊት ያላየ ሰው ቢሆን መልካም ነው። የአርታኢው ስም በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ የሚወጣው ፈቃዱ ተጠይቆ ነው፤ ምክሩ ያልተሠራበት አርታኢ ስሙ እንዳይገባ ሊጠይቅ ይችላል። እርማቱ ያለበት ቅጂ ግን መጣል የለበትም፤ ሁለተኛ እትም ሲታሰብ የትኛው ቃል ለምን እንደተለወጠ የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው።