ስለ 4,294,967,297 የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ውጤቱ ላይ 1 ስንደምር 4,294,967,297 እናገኛለን። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ያምን ነበር።

«በትንንሾቹ ካልተካፈለ ብቸኛ ነው»

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቁጥሩ ኢተጋማሽ ስለሆነ በ2 አይካፈልም። መጨረሻው 7 ስለሆነ በ5 አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ፤ ስለዚህ በ3ም አይካፈልም። በ7 ስናካፍለው 5 ይተርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ያቆማል። አሁን ወረቀት አውጡና 641ን በ6,700,417 አባዙ። 641 በ6,700,000 ሲባዛ 4,294,700,000 ነው፤ በ417 ሲባዛ ደግሞ 267,297። ሁለቱን ደምሩ፤ ያው ቁጥራችን ነው! ይህን በ1732 እ.ኤ.አ. ያሳየው ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው።

«641 ላይ ለመድረስ ከሥሩ ያሉትን ሁሉ መሞከር ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። ኦይለር ራሱ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በ64 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ሙከራ ላይ ተገኘ ማለት ነው። ይህን ባናውቅ እንኳ ፍለጋው ከዳግም ዘሩ፣ ከ65,536 ገደማ፣ አያልፍም፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮችም 6,542 ብቻ ናቸው።

«አምስት ጊዜ የሠራ ሕግ ስድስተኛም ይሠራል»

ፌርማን ያሳሳተው ይህ ነው፤ አልፈርድበትም። የሁለቶቹን ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያደረጋችሁ 1 ብትደምሩ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 ታገኛላችሁ፤ አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው የኛው ቁጥር ነው፤ ሕጉ የፈረሰውም በእሱ ነው። ከእሱ ወዲህም በዚህ መንገድ የተሠራ አንድም ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም።

«ትልቅ ቁጥር ብዙ አካፋዮች አሉት»

የአካፋይ ብዛት ከቁጥሩ ትልቅነት ጋር አብሮ አይሄድም። ይህ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር አካፋዮቹ አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ። በ1 የሚያንሰው ጎረቤቱ 33 አካፋዮች አሉት። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2 የሚያንሰው 4,294,967,295 ነው። እሱን ስትዘረዝሩት 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ይሆናል፤ ፌርማ የተማመነባቸው አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ።