«ሰርች አይሠራም» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ቲኬት ፍለጋ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ላይ የሆቴሎችን የሽያጭ ሶፍትዌር የሚደግፍ ቡድን እናስብ። ደንበኛ ይደውላል፤ «ደረሰኝ አልወጣ አለኝ» ይላል። ባለሙያዋ ችግሩ ከዚህ በፊት እንዴት እንደተፈታ ለማየት ቲኬቶቹ (የደንበኞች ችግር የተመዘገበባቸው ጽሑፎች) ውስጥ «ደረሰኝ» ብላ ትፈልጋለች። ገጹ ይሽከረከራል። ደንበኛው ስልኩን ይዞ ይጠብቃል፤ እንግዳው ሒሳብ ሊከፍል ቆሟል። ይሄ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው የተሳሳተው ቦታ ነው።

«ሰርቨሩ ደክሟል፤ ራም ይጨመርለት።»

ዳታቤዙ (ቲኬቶቹ የተቀመጡበት ቋት) እያንዳንዱን ቲኬት ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ከሆነ፣ ራሙ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ቲኬት ሲበዛ ፍለጋው ተመልሶ ይዘገያል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት የፍለጋውን ትእዛዝ በኤክስፕሌይን አናላይዝ እዩት፤ ዳታቤዙ ፍለጋውን እንዴት እንደሚሠራ ያሳያችኋል። ፖስትግሬስ (እዚህ የምናወራበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) «ሴክ ስካን» ካላችሁ፣ ሠንጠረዡን በሙሉ እያነበበ ነው።

«ኢንዴክስ አለውኮ!»

ኢንዴክስ ዳታቤዙ ሁሉን ሳያነብ የሚፈለገውን እንዲያገኝ የሚረዳው ማውጫ ነው። ግን የትኛው ኢንዴክስ? የተለመደው ቢ-ትሪ እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ፊደል ነው የሚነሳው። «%ደረሰኝ%» (ከፊቱም ከኋላውም ምንም ይኑር) ብላችሁ ስትፈልጉ መነሻው ስለማይታወቅ አይጠቅማችሁም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የትራይግራም ኢንዴክስ ነው። ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል ይቆርጠዋል፦ «ደረሰ»፣ «ረሰኝ»። ከዚያ እነዚህን ቁርጥራጮች የያዙትን ቲኬቶች ብቻ ያመጣል። ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ ትራይግራም የሚባለውን ተጨማሪ አብሩና በጂን ኢንዴክስ (አንዱ የፖስትግሬስ የኢንዴክስ ዓይነት) ሥሩት። ሁለት ነገር ልብ በሉ። «ስም» ለመሰለ ባለሁለት ፊደል ቃል አይረዳም። የዳታቤዙ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብሩ) «ሲ» ከሆነ ደግሞ የግዕዝ ፊደላትን ጭራሽ ይዘላቸዋል።

«ፉል ቴክስት ሰርች ካለ ሌላው አያስፈልግም።»

ፉል ቴክስት ሰርች ጽሑፉን በየቃሉ ከፍሎ የሚፈልግ ዘዴ ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግሩም ነው፤ ቃሉን ወደ ግንዱ (ቅጥያ ወደሌለው መሠረቱ) ይመልሰዋል። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣ የአማርኛ ግንድ አውጪ ግን የለም። ስለዚህ «ደረሰኝ»፣ «የደረሰኝ» እና «በደረሰኙ» ለእሱ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «%ደረሰኝ%» ሁለተኛውን ያገኘዋል። ሦስተኛው ላይ ግን «ኝ» ወደ «ኙ» ስለተቀየረ ያመልጠዋል፤ ያኔ በቁርጥራጮች መመሳሰል የሚፈልገው ዘዴ ያግዛል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ እየተቀያየሩ የሚጻፉትንም ወደ አንድ ፊደል አምጥታችሁ በሌላ ዓምድ አስቀምጡ። በአማርኛ ለሚጻፉ ቲኬቶች እኔ ከትራይግራም ነው የምጀምረው።

«ኢንዴክስ ለመሥራት ሥራ ማቆም ግድ ነው።»

አይደለም። ኢንዴክሱን የሚሠራው ትእዛዝ ላይ «ኮንከረንትሊ» የሚለውን ጨምሩበት፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ቲኬት መመዝገብ አይቆምም። መሃል ላይ ከተቋረጠ የማያገለግል ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፤ እሱን አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።