እግዚአብሔርን ለመምሰል ስለሚያስችለው ኃይል ማመስገን ምንድን ነው?

ክርስቲያን ስለ ምን እንደሚያመሰግን ቢጠየቅ አስቀድሞ የሚጠራው ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ የዕለት እንጀራውንና ከመከራ መትረፉን ነው። በጎውን ወድዶ እንዲሠራ፣ ክፉውንም ጠልቶ እንዲተው ያስቻለው ኃይል ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ መልካም ኑሮን ለእግዚአብሔር እንደምናቀርበው እንጂ ከእርሱ እንደምንቀበለው ነገር ማየት አልለመድንምና። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ የመለኮቱ ኃይል «ለሕይወትና እግዚአብሔርን ለመምሰል የሚሆነውን ነገር ሁሉ» እንደ ሰጠን ይጽፋል (1፥3)። ስለዚህ ኃይል ማመስገን ማለት እንግዲህ በሕይወታችን የታየውን በጎ ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅና ያንኑ ለሰጪው መናገር ነው።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ በሚያምኑት የሚሠራው ኃይል ክርስቶስን ከሙታን ባስነሣው ኃይል መጠን እንደ ሆነ ይገልጻል (1፥19-20)። ለቆላስይስ ሰዎች ሲጸልይ ደግሞ በኃይል ሁሉ እንዲበረቱ ይለምንላቸዋል። እንዲህ ያለ ብርቱ ቃል የሰማ አንባቢ ቀጥሎ ታላቅ ተአምር ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ የሚከተለው ግን መጽናትና መታገሥ፣ ከዚያም አብን ማመስገን ነው (1፥11-12)። ትዕግሥት ይህን ያህል ኃይል ይጠይቃል መባሉ ግነት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ከአስቸጋሪ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የኖረ ግን አይመስለውም።

ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። ለቁጣ የሚቸኩል አንድ ሰው በነገር ሲወጉት የሚያቆስለው መልስ ምላሱ ላይ ደርሶ ሳለ አፉን ዘግቶ ቆየ እንበል፤ ቆይቶም በለዘበ ቃል መለሰ። ማታ ሲጸልይ ይህን ቅጽበት ጨርሶ ላያነሣው ይችላል፤ ካነሣውም «ዛሬ ራሴን ገዛሁ» ብሎ ለራሱ ሊያጨበጭብ ይችላል። አመስጋኝ የሆነው ግን ያንኑ ቅጽበት ለይቶ ይጠራዋል፤ ከዚህ ቀደም በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ይል እንደ ነበር ያውቃልና ዝም ለማለት የበቃበትን ኃይል ስለ ሰጠው አምላኩን ያመሰግናል። በጥቅሉ «ስለ ሁሉ ነገር ተመስገን» ማለት መልካም ቢሆንም እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሸፍኖ የማለፍ ጠባይ አለው።

ኃይሉ ስጦታ ከሆነ የእኛ ትጋት ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ጥንታዊ ነው። ጴጥሮስ ራሱ ሁሉ እንደ ተሰጠን በተናገረበት አፍ፣ በዚያው ምክንያት ትጋትን ሁሉ እንድናሳይ ያዝዛል (1፥5)፤ ጳውሎስም መዳናችሁን ፈጽሙ ካለ በኋላ መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል (ፊልጵስዩስ 2፥12-13)። በ5ኛው መቶ ዘመን በሰሜን አፍሪካው ጳጳስ በአውግስጢኖስና ሰው በራሱ ፈቃድ በጎ ለመሥራት ይችላል ብሎ ባስተማረው በፔላግዮስ መካከል የተነሣው ክርክር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። በ418 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ ከተማ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጸጋ የሚሰጠው ያለ እርሱም ልንፈጽመው የምንችለውን ትእዛዝ ይበልጥ እንዲቀልልን ብቻ ነው የሚለውን አሳብ አወገዘ። ለምስጋና ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ጸጋ ሥራን ማቅለያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የምናመሰግነው ለእገዛው ብቻ ይሆን ነበር፤ ለበጎው ሥራና ለፈቃዱ ግን ራሳችንን በመካብን ነበር።

አደገኛው ነገር የውሸት ምስጋና መኖሩ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የተጻፈው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነው፤ ስለ መልካም ኑሮውም እግዚአብሔርን በቃል ያመሰግናል። ቀማኛ አለመሆኑ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙ፣ አሥራት ማውጣቱ ሐሰት ነው አልተባለም። ስሕተቱ ያለው በመለኪያው ላይ ነው፤ የቆመው በእግዚአብሔር ፊት ሆኖ ሳለ ዓይኑ ከቀራጩ ላይ አልተነሣም፣ ሊለምነው የሚፈልገውም አንድ ነገር የለም። በእኔ እምነት እውነተኛውን ምስጋና ከሐሰተኛው ለመለየት ከዚህ የሚሻል ምልክት አይገኝም፤ በተቀበለው ኃይል የሚያመሰግን ነገም ያስፈልገዋልና መለመኑን አይተውም፣ የወደቀውንም ሲያይ ያ ኃይል ባይደርስለት ኖሮ እርሱ ራሱ የት እንደሚሆን ያውቃል። «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» የሚለው የጳውሎስ ጥያቄ (1 ቆሮንቶስ 4፥7) የተጻፈው በአገልጋዮቻቸው ስም እየተመኩ ለተከፋፈሉ ምእመናን ነበር።

ጴጥሮስ ይህን ትምህርት በኑሮው ተምሮታል። ከጌታው ጋር እስከ ሞት ለመሄድ የተዘጋጀ መሆኑን በተናገረበት በዚያችው ሌሊት ካደው፤ በኋላ በመቅደሱ ደጅ ሽባው ሲፈወስ ሕዝቡ ትኩር ብለው ቢያዩት፣ በገዛ ኃይላችን ወይም በገዛ መንፈሳዊነታችን እንዳደረግነው ለምን ታዩናላችሁ ብሎ ከለከላቸው (ሐዋርያት ሥራ 3፥12)። በመልእክቱም ፍሬ የሌለውን ሰው ሲገልጸው የቀደመው ኃጢአቱ መንጻቱን የረሳ ነው ይለዋል (1፥9)። መርሳት ከፍሬ ቢስነት ጋር በአንድ ላይ መጠራቱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ማመስገን ከማስታወስ ይጀምራልና።

ትግሉ ያላበቃለት ሰውስ? በሮሜ 7 ጎስቋላ ሰው ነኝ ብሎ የሚጮኸው ማን እንደ ሆነ ተርጓሚዎች ቢከራከሩም፣ የአሳቡ ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው። ማን ያድነኛል ብሎ እንደ ጠየቀ ወዲያው በኢየሱስ ክርስቶስ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ደግሞ በአእምሮና በሥጋ መካከል ስላለው ትግል መናገሩን ይቀጥላል (7፥24-25)።