የመንገድ ትስስር ምንድን ነው?

ጀርባ ለጀርባ የተሠሩ ሁለት ቤቶችን እንውሰድ። የሚለያቸው አጥር ብቻ ነው፤ በአንዱ ጓሮ ያለቀሰ ሕፃን በሌላው ይሰማል። በሮቻቸው የሚከፈቱት ግን ወደ ሁለት የተለያዩ ሰፈሮች ነው፤ እያንዳንዱ ሰፈር ደግሞ መግቢያና መውጫው አንድ ነው። ጎረቤቱን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ወደ ውስጥ መግባት አለበት። 30 ሜትር የማይሞላው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የመንገድ ትስስር ማለት መንገዶች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መጠን ነው። ቀላሉ መለኪያ በየመጋጠሚያው የሚገናኙትን መንገዶች መቁጠር ነው፦ መውጫ የሌለው መንገድ ጫፍ 1፣ መስቀለኛ መንገድ 4። ሌላው፣ የሚኬደውን ርቀት ለቀጥታው ርቀት ማካፈል ነው። መንገዶቹ በቅርብ ርቀት በሚቋረጡበት ሰፈር ውጤቱ ከ1.41 ብዙም አያልፍም፤ በእነዚያ ሁለት ቤቶች መካከል ግን ከ30 በላይ ነው።

የቆዩ የከተማ ማዕከላት ለእግረኛ ስለተሠሩ መንገዶቻቸው የተያያዙ ናቸው። ከተማ ሲያድግ የሚጨመረው ዳር ዳሩ ላይ ነው፤ መኪና ከመጣ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ አልሚ የራሱን ቁራሽ መሬት ለብቻው ይሸነሽናል። ከአጠገቡ ካለው ጋር የማገናኘት ግዴታ ካልተጣለበት አያገናኝም። ነዋሪውም ቢሆን አላፊ መኪና የማይረብሸውን ሰፈር ይወዳል፤ አይፈረድበትም። የሚከፍለው ግን ሌላው ነው፤ ጉዞው ሁሉ ተጠራቅሞ ዋናው መንገድ ላይ ይወድቃል፣ አውቶቡስም በገባበት መውጣት ስለማይፈልግ ዳር ላይ ይቀራል። በአሜሪካ ትስስሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ሲያሽቆለቁል ቆይቶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ ማገገም ጀመረ። የቨርጂኒያ ግዛት በ2009 እ.ኤ.አ. አዳዲስ ሰፈሮች ከአጎራባቾቻቸው ጋር እንዲገናኙ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር።

ስለ ከተማ መስፋፋት ሲወራ ትኩረቱ የሚያርፈው በተያዘው መሬት ስፋት ላይ ነው። ለእኔ ግን ከባዱ ነገር መንገዱ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ፎቅ ይጨመራል፤ የመንገድ መስመር ግን ከሕንፃዎቹ በላይ ዕድሜ አለው። ለንደን በ1666 እ.ኤ.አ. ስትቃጠል አዳዲስ ፕላኖች ወዲያው ቀርበው ነበር፤ ሆኖም ባለይዞታዎች ቦታቸውን ስላልለቀቁ ከተማዋ በአብዛኛው በአሮጌው መስመር ተመልሳ ተሠራች።

መሬቱ በሚሸነሸንበት ቀን በሁለቱ ቤቶች መካከል ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ ማለፊያ መተው የአንድ መስመር ጉዳይ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የአንዱን ጓሮ መቁረጥና ካሳ መክፈል ይጠይቃል።