በሆራይዘን ዩሮፕ (በአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ ፕሮግራም) የተገዛ መሣሪያ ሙሉ ዋጋው ለምን አይከፈልም?

«60,000 ዩሮ አውጥተን 12,000 ብቻ ተቀበሉን» የሚለው ቅሬታ መነሻው የእርጅና ቅናሽ ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ዲፕሪሲዬሽን የሚሉት። የአውሮፓ ኅብረት በመደበኛው ደንብ የሚከፍለው የመሣሪያውን ዋጋ ሳይሆን ፕሮጀክቱ የተጠቀመበትን ያህል ነው።

አንድ ማይክሮስኮፕ 60,000 ዩሮ ተገዛ፣ የአገልግሎት ዘመኑም 5 ዓመት ነው እንበል። በወር 1,000 ዩሮ ያረጃል ማለት ነው። ፕሮጀክቱ 36 ወር ሆኖ መሣሪያው 12ኛው ወር ሲያልቅ ሥራ ከጀመረ የሚቆጠረው 24 ወር ብቻ ነው። ግማሹን ጊዜ ሌላ ሥራ ከተሠራበት 24,000ው ወደ 12,000 ይወርዳል። ቀጥተኛ ላልሆነ ወጪ (እንደ መብራትና አስተዳደር ላለው) 25 በመቶ፣ ማለትም 3,000፣ ይታከላል። ቀሪው ከተቋሙ ካዝና ነው። በዚህ ስሌት ዕቃው ጉምሩክ በተኛ ቁጥር በየወሩ 500 ዩሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ግዢውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጨርሱ።

የሚለያየው የአገልግሎት ዘመኑ ነው፤ የተቋሙን የሒሳብ አሠራርና የአገሩን ደንብ ይከተላል። አንዳንድ የውድድር ጥሪዎች ሙሉ ዋጋ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ግን በጥሪው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ብዙዎች የሚወድቁት በአጠቃቀም መዝገብ ነው። ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ፕሮጀክት እንደተጠቀመ ካልተመዘገበ «50 በመቶ» የሚለውን ኦዲተር አይቀበልም።